ለጋሽ ድንበሩ የተሰፋ ፕሮግራም

(በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ፣ ረፋድ ላይ፤ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ድንበሩ የኮምፒውተሩን ሶኬት ይዘው ቆመዋል፣ ሠራተኛቸው ውዳሴ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች።)

ውዳሴ፦ ጋሼ፣ በሞቴ፣ ያንን ሶኬት ይልቀቁት!

ጋሽ ድንበሩ፦ ልነቅለው ነው። ከማለዳ ጀምሮ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ዱቄት ግን አላየሁም።

ውዳሴ፦ እስከ ምሳ ብለው ሰጥተውኛል። ምሳ ደርሷል?

ጋሽ ድንበሩ፦ እኔ ርቦኛል።

ውዳሴ፦ እርስዎን እኮ ቁርስ በልተው ሲነሡም ይርብዎታል። የተወራረድነው በሰዓት ነው፣ በሆድዎ አይደለም።

ጋሽ ድንበሩ፦ እስቲ ውርርዱን ድገሚልኝ፤ ኋላ አላልኩም እንዳትዪ።

ውዳሴ፦ ፕሮግራሙ እስከ ምሳ ከሠራ ይህ ወንበር የእኔ ነው። ካልሠራ የወንድምዎ ልጅ አቤኔዘር ከሰዓት ይመጣና ማሽኑን ፎርማት አድርጎ፣ ያለውን ሁሉ ጠርጎ የራሱን ይጭንበታል፤ ወንበሩም የእሱ ይሆናል። እኔ ወደ ፎቶኮፒው እመለሳለሁ።

ጋሽ ድንበሩ፦ አፌንም እዘጋለሁ ብለሻል።

ውዳሴ፦ እሱን የጨመሩት እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ድንበሩ፦ ዋናው እሱ ነዋ! ኧረ ለመሆኑ፣ የምትፈልጊው መጻፊያ ፕሮግራም አይደል? አቤኔዘር በፍላሽ ያመጣዋል፣ ይጭነዋል፣ አለቀ። አንቺ ምን አስቸገረሽና ነው ከነጥሬው የተሸከምሽው?

ውዳሴ፦ የአቤኔዘር ተሰፍቶ ያለቀ ኮት ነው። እጅጌው ቢረዝምብዎ የሚያሳጥርልዎ የለም። የዚህኛው ባለቤቶች ግን ጨርቁንም ልኩንም ለፈለገ ሁሉ ክፍት አድርገው ትተውታል። ሶርስ ኮዱን አመጣሁ፣ ያልተመቸኝን ቆርጬ አስተካከልኩ፣ አሁን ማሽኑ በሚገባው መንገድ እየሰፋሁት ነው። ኮምፓይል ማድረግ ማለት ይኸው ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ የሰው ኮት ቀደድሽ?

ውዳሴ፦ ቅደዱት ብለው ነው የሰጡን።

ጋሽ ድንበሩ፦ ምኑን ነው የቀደድሽው?

ውዳሴ፦ ሲያልቅ ያዩታል። ቸኩያለሁ ካሉ እዚህ ይቀመጡና አብረን እንየው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ስክሪን ፊት አልቀመጥም፤ ዓይኔ ደክሟል አላልኩሽም?

ውዳሴ፦ ይኸው ዓይንዎ ከመንገድ ማዶ ማን ማመልከቻውን ሌላ ቤት እንዳስጻፈ ለይቶ ያያል።

ጋሽ ድንበሩ፦ እሱን በንዴት ነው የማየው። ምነው ዝም አለ? ለምን ቆመ?

ውዳሴ፦ ኡፍ! ያው የትናንቱ ስሕተት። ከማለዳ ጀምሮ ደጋግሜ ባስነሣውም ገና ሳይጀምር ይቆምብኛል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ምን ይላል?

ውዳሴ፦ «አሁን የፈጠርኩት ፋይል ከሰጣችሁኝ ፋይል ያረጀ ነው፤ የማሽኑን ሰዓት ተመልከቱ» ይላል። ሰዓቱ ደግሞ ልክ ነው፣ ከእጄ ሰዓት ጋር ይገጥማል።

ጋሽ ድንበሩ፦ እንዴታ! እኔ ራሴ አስተካክዬው የለ!

ውዳሴ፦ ምን አሉኝ?

ጋሽ ድንበሩ፦ ባለፈው ሳምንት ያ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ፣ የፈረንጅ ቀን የታተመበት አቤቱታ ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። መጣሁና ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ተጫንኩ፤ ዓመተ ምሕረቱን ወደ እኛ መለስኩት። ሰዓቱንም እንዲሁ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ዘጠኝ ነው የሚል ማሽን አልወድም።

ውዳሴ፦ ጋሼ! እንግሊዝኛውን እንዴት አለፉት?

ጋሽ ድንበሩ፦ ቁጥር እኮ ነው። ቁጥር አያሸንፈኝም።

ውዳሴ፦ ፊደሉስ?

ጋሽ ድንበሩ፦ ፊደሉን… ዓይኔ ነዋ።

ውዳሴ፦ ማሽኑን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጎትተውት እኔ ከትናንት ጀምሮ የራሴን ኮድ እረግማለሁ! ፋይሎቹ የተጻፉት አምና ነው። እሱ ቀኑን ሲያይ ገና ወደፊት የሚጻፉ ይመስሉታል። ያልተጻፈ ነገር እንዴት አድርጎ ይስፋ?

ጋሽ ድንበሩ፦ ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ? በእኛ አቆጣጠር ከሄድን ገና ናቸዋ።

ውዳሴ፦ ይሳቁ፣ ይሳቁ።

ጋሽ ድንበሩ፦ አንቺስ? ከትናንት ጀምሮ አፍጥጠሽበት አላየሽውም እኮ! ሁሉን አውቃለሁ ባይዋ!

ውዳሴ፦ ሰዓቱ ከእኔ ጋር ሲገጥምልኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ቀኑን አልፌው ነዋ። እሺ፣ እዚህ ላይ ያዙኝ። ሁለተኛ ግን አይገኝም።

ጋሽ ድንበሩ፦ ለእኔ አንዱ ይበቃኛል፤ ዓመቱን ሙሉ አወራዋለሁ።

ውዳሴ፦ እንግዲያው ቀኑን እመልስለታለሁ። ለማመልከቻው የእኛን ቀን በእጃችን እንጽፋለን። ማሽኑን በራሱ ቀን ይተዉት፣ እንግዳ ነው ይበሉ። ይኸው… ሄደ! ሲወርድ ይታይዎታል?

ጋሽ ድንበሩ፦ ምንድን ነው ያ ሁሉ መስመር? ተቆጣ እንዴ?

ውዳሴ፦ ማስጠንቀቂያ ነው። እንደ እርስዎ፣ ይለፈልፋል እንጂ አይከለክልም።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሶኬቱ አሁንም እጄ ላይ ነው።

ውዳሴ፦ ይቅርታ፣ ጌታዬ። እንዳይነቅሉት… ትንሽ… ትንሽ… አለቀ! አለቀ ጋሼ! ይኸው፣ ከፈትኩት!

ጋሽ ድንበሩ፦ እስቲ ዞር በይ። «አዲስ ጽሑፍ»… «ክፈት»… «ፈልግ»… «አስቀምጥ»… «አትም»…

ውዳሴ፦ ዓይንዎ እንዴት ነው?

ጋሽ ድንበሩ፦ ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ ማን መለሰው?

ውዳሴ፦ እኔ። የቀደድኩት እሱን ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ለማን ብለሽ?

ውዳሴ፦ ለአቤኔዘር እንዳልሆነ የታወቀ ነው። እሱ እንግሊዝኛ ያውቃል።

ጋሽ ድንበሩ፦ እኔ በታይፕ የአገሩን ሰው ሁሉ ሳስተምር ኖሬ… ይህ ዕቃ ሲመጣ… አየሽ፣ ዓይኔ ምንም አልነበረም።

ውዳሴ፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ውዳሴ፦ ማተሚያውን የቱ ጋ ነው የምጫነው ብለው ጠይቀውኝ፣ ሳሳይዎ ኮርኒሱን ካዩ ጀምሮ።

ጋሽ ድንበሩ፦ አንቺ ምላስሽም ዓይንሽም አይጣል ነው። ግን ይህ ምንድን ነው፣ «አስቀምጥ»! ማንን ነው አንተ የሚለው? በዚህ ሽበቴ?

ውዳሴ፦ እሱ አይደለም እርስዎን የሚያዘው። እርስዎ ነዎት እሱን የሚያዙት።

ጋሽ ድንበሩ፦ እኔ?

ውዳሴ፦ ይጫኑትና ይዩት። አንድ ቃል ይጻፉ። ጣትዎ ፊደሉን ያውቀዋል፣ የታይፑን ያህል አይከብድም… በስማም! ሳያዩ ነው እንዴ የሚጽፉት?

ጋሽ ድንበሩ፦ ምን መስሎሻል? ታይፕ ስመታ እኮ ሰው ቆሞ ነበር የሚያየኝ።

ውዳሴ፦ ቀስ ይበሉ፣ ገና ፕሮግራሙን ሠርቼ መጨረሴ ነው! ይኸው ደግሞ አቤኔዘር እየደወለ ነው፣ ልምጣ ወይ ሊል ነው። ምን ልበለው?

ጋሽ ድንበሩ፦ ይምጣ፣ ግን ወንበር ይዞ ይምጣ በይው። አንቺን ከዚያ የሚያስነሣሽ የለም፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ አልማርም።