ባዶ መሆን የነበረበት ሻንጣ

ቃል ሰጪ፦ በሥራ መጠሪያዋ «ፍላሽ»
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ፎቶግራፍ አንሺና አሠልጣኝ
አድራሻ፦ ከፎቶ ቤቷ ጀርባ፣ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር በአንድ ግቢ
ቀን፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ስለጠፉ አንድ ካሜራና ሁለት ሌንሶች

እኔ አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ቃል ሰጪ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። የጠፋው ንብረት የእኔ ነው፤ የምበላውም በእሱ ነው። በዚህ ጉዳይ ከቅዳሜ ጀምሮ የታሰሩት የባቡር ጣቢያው ጥበቃ እንዲፈቱ እጠይቃለሁ። ዕቃውን የወሰደው ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ አስረዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ የፖርትሬት ሥልጠና ስሰጥ ነበር። ፖርትሬት ማለት ሰውዬው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ ይህን የምለው መርማሪው ስለጠየቁኝ ነው። የዕለቱ ሥራ በድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች መንገድ የሚነሳ የስንብት ትዕይንት ሲሆን፣ ተማሪዎቼም እንደዚያ ዘመን ሰው ለብሰው ይምጡ ስላልኩ በጠራራ ፀሐይ ካፖርትና ባርኔጣ አድርገው ላብ በላብ ሆነው ነበር። ተሰናባች ሆኖ የሚቆምልን ወንድሜ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «አክተሩ» ይለዋል። እስካሁን በየትኛውም ፊልም ላይ አልታየም፤ የሚተውነው ቤት ውስጥ፣ ለእናታችን ነው። በእጁ የሚይዘውም የእሷን ቡናማ የቆዳ ሻንጣ ነበር።

ጠዋት ከጣሪያው ጥላ ሥር አቁመነው ተማሪዎቹ ሲያነሱት ሥራው አላማረኝም። ሻንጣው ባዶ መሆኑ ያስታውቃል። ባዶ ሻንጣ የያዘ ሰው ትከሻው ቀጥ ይላል፣ ሻንጣውም ሲራመድ ይወዛወዛል፤ ከፊት ይልቅ ትከሻ ቶሎ ያሳብቃል። ስለዚህ በሁሉም ፊት ድንጋይ እንዲከትበት ነገርኩት። «ድንጋይማ አልሸከምም፤ ተይኝ፣ እኔ አክት አደርገዋለሁ» አለኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በሥልጠና ላይ ካሜራዬን ይዤ አልቆይም። አስተማሪ ማንሳት ከጀመረ ተማሪ ማየት ይተዋል። አነሳሱን ካሳየኋቸው በኋላ ዕቃዬን በቀድሞው ትኬት መሸጫ ክፍል አስቀመጥኩ፣ ጥበቃውም ቆለፉልኝ። ቁልፉ ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። ለምሳ ስንወጣ ወንድሜ ደክሞኛል ብሎ እዚያው ቀረ።

ከምሳ መልስ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። ሻንጣውን ይዞ ሐዲዱ ዳር ሲቆም ቀኝ ትከሻው ወርዷል፣ የአንገቱ ጅማት ተወጥሯል፣ ሻንጣውንም መሬት ሲያሳርፍ የተኛ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል ነበር። ዓይኑ ከግቢው በር አይነቀልም። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ተማሪዎቹን ሰብስቤ «ይኸውላችሁ፣ ሰው ሊሄድ ሲል እንዲህ ነው የሚሆነው» አልኳቸው። እሱንም አሁን ገባህ አልኩት። ተጨበጨበለት፤ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ማምሻው ክፍሉ ሲከፈት ዕቃው የለም። ጥበቃው በምሳ ሰዓት ወንድሜ ካፖርት ልውሰድ ብሎ እንዳስከፈታቸውና እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ዞር እንዳሉ ተናገሩ። ወንድሜ ፊታቸው ቆሞ ካደ። እንዲያውም ክፍሉ አጠገብ ሲመላለሱ አይቻቸዋለሁ ብሎ ለመጡት ፖሊሶች ቃሉን ሰጠ። ፖሊሶች የሁላችንንም ቦርሳ ሲፈትሹ ሻንጣውን፣ እሱ ባዶ ነው፣ የሥራ ዕቃ ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጥበቃውን ሲወስዷቸው ወደ ወንድሜ ዞረው «ልጄ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያስከፈትከኝ?» አሉት። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ በእሳቸው አፍሮ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ተማሪዎቹ የላኩልኝን ፎቶዎች አየሁ። ምርጡን በፎቶ ቤቴ መስኮት ልሰቅልላቸው ቃል ገብቼ ስለነበር ነው። የጠዋቱንና የከሰዓቱን ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት ዓይኔ ትከሻው ላይ ቀረ። ወንድሜን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ መተወን አይችልም። ድንጋይም አልሸከምም ብሏል። ሁለቱም ፎቶዎች ከዚህ ቃል ጋር ተያይዘዋል።

ወዲያው ወደ እናቴ ክፍል ገባሁ። ሻንጣው እንደ ወትሮው አልጋው ሥር ነው፤ እናቴ ከላይ ተቀምጣለች። ጎንበስ ስል እግሯን ከፊቱ ዘረጋች። ባዶ ሻንጣ ምን ያደርግልሻል አለችኝ። «እማዬ፣ ባዶ ከሆነ እስቲ በአንድ እጅሽ አንሺልኝ» አልኳት። አልተነሳችም። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ እናቴ፣ ልጁ አገር ለቆ ሊሄድ ነው፣ ስንቅ ይሁነው፣ አንቺ ሌላ ትገዢያለሽ አለች። ታስረው ያሉትንስ ሰው ብላት፣ «ሥጋሽ ማን ነው? እሱ ነው ወይስ ዘበኛው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ የት ነው አላለችኝም።

እዚህ ስደርስ የጥበቃው ባለቤት ምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ሰላም ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። አልፈርድባቸውም።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኛል። የሚጨመር ወይም የሚሠረዝ አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ «ወንድሜ» በሚለው ፋንታ «ተጠርጣሪው» ተብሎ እንዲጻፍልኝ አመለከትኩ። መርማሪው ሊሠርዙ ብዕራቸውን ሲያነሱ ግን ይተዉት አልኳቸው። ወንድሜ ነው። እዚህ የተጻፈው ሁሉ እውነት ስለሆነ እንዳለ ይቆይ ብዬ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________