መርከቧ ሰጠመች የተባለ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወሬ በእግሩ ነበር የሚመጣ። አትሳቁ! ከዳንግላ ገበያ የተነሳ ወሬ እንጅባራ እስኪደርስ መንገድ ላይ ይደክመዋል። ያመጣውን ሰውዬ ታዩታላችሁ፣ እግሩ አቧራ ነው፣ ውኃ ትሰጡታላችሁ፣ እና "አንተ ራስህ ነበርክ?" ትሉታላችሁ። "ኧረ እኔስ አልነበርኩም፣ የእህቴ ባል ነው የነገረኝ" ይላል። ታዲያ ልኩን ታውቁታላችሁ። የዛሬው ወሬ ግን እግር የለው፣ አቧራ የለው፣ ውኃ አይጠማው፣ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ይጮኻል።

"እትዬ ጥሩ፣ ሬዲዮ ሲሰሙ ለምን ደብተርና እስክሪብቶ ይይዛሉ?" ብላችሁ ጠየቃችሁኝ አይደል? እንግዲህ ስሙኝ። ያስተማሩኝ ሰው አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ አሁንም እላለሁ፣ ዕድሜ ይስጣቸው።

እኔ እንደ እናንተ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት በሱቄ ነው፣ ጨውና ስኳር ከምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ። አንድ ቀንማ አንብቤ ስጨርስ ብድግ ብዬ ጎረቤቴን "ስሚ፣ የአንድ አገር መንግሥት ተገልብጧል፣ ጦርነት ሊነሳ ነው!" አልኳት። ምስኪን፣ ወታደር ልጅ ነበራትና አለቀሰች። ኋላ ቀኑን ባየው ጋዜጣው ከመጀመሪያ ልጄ ይበልጣል! ምን ታደርጉታላችሁ፣ ፊደሉን እንጂ ቀኑን ማየት ማን አስተምሮኝ።

ታዲያ ሐቻምና፣ ግንቦት ላይ ነው፣ ወንድሜ ምንይችል እያለከለከ ሱቄ ገባ።

"እታለም፣ አለቀልን!"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ። መርከቧ ሰጠመች!"

"የምን መርከብ? ዘንገና ሐይቅ ላይ ደግሞ መርከብ ገባ እንዴ?"

"የማዳበሪያዋ!" አለና ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቀነው።

አየሁት። መርከብ በእሳት እየነደደ ነው፣ ጭሱ ሰማይ ነክቷል፣ እና አንድ ሰውዬ እንዲህ፣ እንዲህ ጉሮሮውን ሞልቶ፣ "ሰበር ዜናአ! የዓለም ጦርነት ተጀመረ! ባሕሩ ተዘጋ! ወደ ኢትዮጵያ ማዳበሪያ የጫነችው መርከብ ከነጭነቷ ሰጠመች! ዘንድሮ ማዳበሪያ የሚባል የለም! ለወዳጅ ዘመድ ያጋሩ!" ይላል። ያን ሰሞን ኢንተርኔቱ እኛ ዘንድ ተቋርጦ ነበር፣ እና ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ ከጥሊሊ የመጣ ነው። መቼ እንደተቀረጸ የሚያውቅ የለም። እኛም አልጠየቅን።

ምንይችል ዘንገና አጠገብ የአባታችንን መሬት ያርሳል። ስንዴ ነው የሚዘራባት። አራት ልጆቹ ከዚያች ይበላሉ፣ የእኔም ቀለብ ከዚያች ነው፣ ሌላ መሬት የለንም።

"ቅዳሜ ልፈርም ነው" አለኝ። "የከሰል ነጋዴው መሬቷን ለአምስት ዓመት ለዲከረንስ ይወስዳል።"

ዲከረንስን ታውቁታላችሁ፣ ያ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው። ከፍ ካለ በኋላ እስኪቆረጥ ድረስ በሥሩ እህል አይታሰብም።

"አንተስ?" አልኩት።

"ቆላ ወርጄ የቀን ሥራ እሠራለሁ።"

"ሚስትህስ? ልጆቹስ?"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ምላሷ ሰው ይቆርጣል የምባለው እኔም አልተከራከርኩትም። እንዲያውም አምኜ አለቀስኩ። "ያለ ማዳበሪያ ይቺ መሬት ምን ትሰጣለች፣ ምን ታደርግ ወንድሜ" አልኩት።

ታዲያ ለውሉ ምስክር ያስፈልጋል፣ እና ጋሽ ዘለቀን ይሁኑልን ብለን ሄድን። ጋሽ ዘለቀ ገበያው ዳር ኮርቻ የሚሰፉት ናቸው፣ ሰው የሚያከብራቸው። ሁለት ሬዲዮ ግድግዳው ላይ አንጠልጥለዋል። ወስፌያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቪዲዮውን አንዴ አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ወስፌውን ከአፋቸው አወጡ።

"ይሄን ማን አየ?"

"ዓለም በሙሉ!" አለ ወንድሜ።

"ዓለምን እኔ አላውቀውም። ስም ጥራ።"

"ጓደኛዬ ደጀኔ ነው የላከልኝ።"

"ደጀኔ ያልታወቀ ፈረስ ጎትቶ ቢያመጣልህ ያለ ዋስ ትገዛዋለህ?"

እዚህ ላይ አስተውሉ። እኛ አገር ፈረስ ሲገዛ "ይሄን ፈረስ አውቀዋለሁ፣ ከእገሌ ቤት የወጣ ነው" ብሎ የሚቆም ዋስ ይጠራል፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላላ። ሕፃን ያውቀዋል።

"ፈረስና ዜና አንድ ነው እንዴ ጋሼ?" አለ ምንይችል፣ ተቆጥቶ።

"አንድ አይደለም። በፈረሱ ብትሳሳት አንድ ፈረስ ነው የምታጣ። በዚህኛው መሬትህን ልትሰጥ ነው።"

እኔ አላስችል አለኝ። "እንግዲያው እርስዎ እውነቱን ይንገሩና!"

"አላውቅም።"

"ሁለት ሬዲዮ አንጠልጥለው አላውቅም ይላሉ?"

"አላውቅም አልኩሽ እኮ። ቁጭ በይና አብረን እንወቅ።"

ታዲያ ሁለቱ ሬዲዮ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አንደኛው ጣቢያ ከአንዱ ተዋጊ ወገን አገር ነው የሚያወራ፣ ሌላው ከባላጋራው አገር። በየፊናው የራሱን ያሞካሻል፣ የሌላውን ያጣጥላል። ጋሽ ዘለቀ ሁለቱንም ይሰማሉ። "የተጣሉ ሰዎች ሁለቱም አዎ ያሉትን እይዛለሁ፣ አንዱ ብቻ የጮኸበትን አቆየዋለሁ" ይላሉ። ደብተርም ሰጡኝ፣ "እጄ ጠፍር ይዟል፣ አንች ጻፊ።" እና ሁለቱንም እየሰማሁ ጻፍኩ። ጦርነት አለ? ሁለቱም አዎ። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ይመታል? ሁለቱም አዎ። ጉዞው ረዘመ፣ ዋጋ ጨመረ? አዎ። የማዳበሪያ መርከብ ሰጠመች? አንዱም ትንፍሽ አላለ።

"ይኸው ውሸት ነው!" ብዬ ዘለልኩ።

"ቀስ በይ፣ አልተባለም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም" አሉኝ። "ዓይኑ ያየ ሰው የለሽም?"

እግዜር ይስጠው ያኔ ትዝ አለኝ! የሟች ባሌ የአጎት ልጅ፣ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ሦስታችንም ጉብታው ላይ ወጣን፣ ጋሽ ዘለቀ ከነወስፌያቸው።

"ሃሎ! እኔ ነኝ፣ ጥሩወርቅ! የማዳበሪያዋ መርከብ ሰጠመች እንዴ?"

"ምን አልሽ? የት ሰጠመች?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ባሕሩ አንተ ጋ ነው!"

ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ጎተቱኝ። "የሰማውን ተይው፣ ያየውን ጠይቂው።"

"ያየኸውን ብቻ ንገረኝ፣ አሁን መኪናህ ላይ ምን አለ?"

"ምን ይኖራል፣ ማዳበሪያ ነዋ! ከወደብ በእጃቸው ሲጭኑልኝ ቆሜ አይቻለሁ። አዋሽ ደርሻለሁ፣ ከኋላዬም ሰልፍ ነው።" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገና፣ "ግን መርከብ እየዘገየ ነው። ለሁሉም በጊዜው ይደርሳል አልልሽም" አለኝ።

ያን ቃል ምንይችልም ሰማ። መንገድ ላይ "እና ይመጣል ነው አይመጣም?" አለኝ። "ይመጣል፣ ግን ይዘገያል፣ ይወደዳልም" አልኩት። "ይሄማ መልስ አይደለም!" አለ። እውነቱን ነው፣ ቪዲዮው እኮ ቁርጡን ነበር የነገረው። ቁርጥ ያለ ነገር ደስ ይላል፣ ክፉም ቢሆን።

ቅዳሜ አልፈረመም። ነጋዴው "እህትህ ናት መሬቱን የምታርስልህ?" ብሎ አሽሟጠጠው። ሰኔ ገባ፣ ማዳበሪያ የለም። ሰኔ ተጋመሰ፣ የለም። እኔ ገበያ ስወጣ "የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ መጣች! መርከቧ የት ደረሰች እባክዎ?" ይሉኛል። እስቃለሁ፣ ማታ ግን ደብተሬን ገልጬ ደግሜ አነባለሁ። ብሳሳትስ? የአራት ልጅ ጉሮሮ እኮ ነው! የምንይችል ሚስት አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ምንም ሳትገዛ ቆማ ቆማ ሄደች። ምነው በሰደበችኝ አልኩ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ማዳበሪያው መጣ። ከጠየቅነው ግማሹ ነው የደረሰን፣ ዋጋውም ያቃጥላል። ምንይችል ግማሹን መሬት በማዳበሪያ፣ ግማሹን በፍግ ዘራ። ስንዴው ከቀደመው ዓመት አነሰ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ዲከረንስ የተከሉት ጎረቤቶቻችንም አልተጎዱም፣ ዛፋቸው እያደገ ነው። ግን ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ከረሙ፣ ቆላ የወረደ የለም። ለእኔ ይበቃኛል፣ ተመስገን።

ጥር ላይ ምንይችል ያን ኩሩ አንገቱን ይዞ፣ ስንዴ በጀርባው ተሸክሞ፣ ጋሽ ዘለቀ ደጃፍ ዱብ አደረገው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"ምስጋና ነው ጋሼ።"

"የእኔ አይደለም፣ ያየው ሹፌሩ ነው። እሱን አመስግን።"

"እሱ አዋሽ ነው ያለው፣ እርስዎ ቅርብ ነዎት!" አለ፣ እና ሦስታችንም ሳቅን፣ እሳቸው እስኪያስላቸው ድረስ።

ታዲያ ልጆቼ፣ እኔ ጋሽ ዘለቀን የማመሰግናቸው ስላወቁልኝ አይደለም። ያን ሳምንት ገበያው በሙሉ ያውቅ ነበር! የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ "አላውቅም" ለማለትም አላፈሩም፣ እና ሳያውቁ እኛን ብቻችንን አልተዉንም። እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ አትልቀቁት።

"እትዬ ጥሩ" አለች ከልጆቹ አንዷ፣ "እንግዲያው ሰኞ ፈተና ላይ አላውቅም ብዬ ልጻፍ?"

"ጻፊ፣ ጻፊ! ግን ከሥሩ ማንን እንደምትጠይቂ ጨምሪበት!" አልኳትና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።