አዲሱ ቀበቶ ከመጋዘን ይውጣ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የወርክሾፑ ባልደረቦቼ፣

ሥራ አቁማችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ሰጋቱራውን ጠርጋችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህን ወለል ጸድቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ለካስ መጥረጊያ ነበረን?

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ከኋላዬ "ሚሊሜትር" እያላችሁ እንደምትጠሩኝ አውቃለሁ። ዛሬም በሚሊሜትር ለክቼ ነው የምናገረው።

ከጀርባችሁ የቆመውን የእንጨት ማለስለሻ ማሽን የሸጠችልን የአንድ ሟች አናጢ ባለቤት ናት። ማሽኑ ጓሮዋ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አንድ ጊዜ ዞሩትና፣ "ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ አባቴን በዕድሜ ይበልጣል!" አሉኝ።

"አባትዎስ እስከ መጨረሻው በእግራቸው ይሄዱ አልነበር?" አልኳቸው።

አሮጌ ማሽን ሲገዛ ቀለም አይታይም። በሮለሮቹ ላይ እየዞረ እንጨቱን የሚያለሰልሰውን ሸካራ ቀበቶ አወለቅሁ፤ ሮለሮቹን በእጄ አሽከርክሬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንዱ ሮለር የሚዞርበት ኩሽኔታ ይንቋቋል። ሌላው ጤነኛ ነው። የማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ማስመሪያ ባቆም ከሥሩ ብርሃን አላሳለፈም፤ ዝንፍ አላለም። ሴትዮዋ መከላከያ ክዳኑን ከውዳቂ ብረት መሃል ራሷ ጎትታ አወጣችና፣ "ባለቤቴ ያለዚህ አስነስቶት አያውቅም" አለችን።

ማሽኑን ገዝተን ኩሽኔታውን ቀየርን። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው፤ ግን በየቀኑ ነው። ብናኙን ከሞተሩ ማውጣት፣ ግራሶ መቀባት፣ ማታ ቀበቶውን ማላላት። "ሚስትዎን እንዲህ ቢንከባከቧት!" ያለኝ "ቶሎቶሎ" የምንለው ፎርማናችን ነው። ቶሎቶሎ፣ አትደበቅ፤ አየሁህ። ባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ራሷን ጠይቃት።

አሁን ወደ ዛሬ ጠዋት ልምጣ። ማሽኑን ልሰናበት ክዳኑን ከፈትኩ። ቀበቶው ተገልብጦ ገብቷል!

በቀበቶው ጀርባ ላይ ቀስት አለ። የተሳለው ለጌጥ ነው? ቀበቶው ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። በቀስቱ አቅጣጫ ሲሄድ እንጨቱ መጋጠሚያውን ይጫነዋል። ሲገለበጥ ግን ይልጠዋል።

"ማን አዞረው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለ ቶሎቶሎ። "በአንድ በኩል ሲደነዝዝ በሌላው እንሠራበታለን። ሁሌም እንዲሁ ነው።"

ሁሌም! እዚሁ አፍንጫዬ ሥር!

"ነገ ትእዛዙን እናስረክባለን፤ አንድ ቀን ቢሠራበት ምን ይሆናል?" አለኝ ደግሞ።

ምን ይሆናል? መጋጠሚያውን በጥፍሬ ነካሁት፤ ብድግ አለ። ነገ በሙሉ ፍጥነት ሲበጠስ ከፊቱ የምትቆመው ማን ናት? አንተ አይደለህም፤ እኔም አይደለሁም። ማሽኑ ላይ የምትሠራው፣ እዚያ ጥግ የተቀመጠችው እህታችን ናት። ፊቷ ከቀበቶው አንድ ክንድ አይርቅም፤ እጇማ ላዩ ላይ ነው።

"ከትናንት ጀምሮ ጠቅ ጠቅ ይላል ብዬ ነበር" አለችኝ።

"ምን አሉሽ?"

"ዕድሜው ነው አሉኝ።"

ዕድሜው አይደለም! ማሽኑን እርጅና አልነካውም፤ የነካው የእኛ እጅ ነው።

ስለዚህ ቀበቶውን በቢላ ሁለት ቦታ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ። አታጉረምርሙ። መጋዘን ውስጥ እንዳያልቅ ተብሎ የተቆለፈበት አዲስ ቀበቶ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሳይፈቅዱ አይወጣም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጠይቅዎታለሁ። ይውጣ ወይስ አይውጣ? ነገ እዚህ የለሁም፤ ስለዚህ መልሱን ዛሬ እፈልጋለሁ። መልስ ሳላገኝ ያን የተጠቀለለ ስጦታ አልነካም።

እሺ... እጠብቃለሁ።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

"ይውጣ" ብለዋል! ሰምታችኋል? እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ቃል ከስጦታው አስበልጬ ይዤ እሄዳለሁ።

ቶሎቶሎ፣ በስምህ ተጠቀም፤ ሮጠህ አምጣው። እህቴ፣ ስትገጥሙ ቀስቱን አንቺ እዪ። አንቺ ካላየሽው ማንም እንዳያስነሳው።

የእናንተም ሥራ ይባረክ። ትእዛዝ አይጥፋባችሁ፤ ጤና አይጉደልባችሁ። በዚህ በር በጠዋት የገባ ሰው ሁሉ፣ ማታ ልጁን በሁለት እጁ ያቅፍ።