የአያ ዘርጋው ካስማ

(ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ከእንዶድ ሜዳ መንደር ማዶ፣ አፋፉ ላይ ባለው የእድር ጥሩምባ ነፊው የአያ ዘርጋው ደጅ፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው መምህርት ውባለም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ቆማለች።)

ውባለም፦ ይንፉት አያ ዘርጋው። ሌላ ነገር አልለምንዎትም፤ ይንፉትና ሰዉ ከዚያ ተራራ ሥር ይውጣ።

ዘርጋው፦ ማን ሞቶ?

ውባለም፦ ማንም አልሞተም። እንዳይሞት ነው የምልዎት።

ዘርጋው፦ እንግዲያው ጥሩምባው ሥራ የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት የነፋሁት ለሞተ ሰው ነው። ቁጭ በይ፣ ትንፋሽሽ ይመለስ።

ውባለም፦ ቁጭ የምልበት ጊዜ የለኝም። ታች ምንጩን አይቼው ነው የመጣሁት። እንደ አተላ ደፍርሷል።

ዘርጋው፦ በነሐሴ የማይደፈርስ ውሃ የት አለ?

ውባለም፦ ወንዝ ይደፈርሳል። ምንጭ ግን ከድንጋይ ሥር ስለሚወጣ ክረምት ከበጋ ጥርት ብሎ ነው የሚኖረው። ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። «እሱ ከደፈረሰ ተራራው ሆዱን አሞታል ማለት ነው» አሉኝ። ጽፌዋለሁ።

ዘርጋው፦ ብዬሽ ይሆናል። ሽማግሌ ብዙ ይላል።

ውባለም፦ የእማማ ጥሩነሽ በር አልዘጋ ብሏል። «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው» ብለው ሳቁ። እንጨቱ አይደለም፤ ቤቱ ተጣሟል። ከሥሩ መሬቱ እየሄደ ነው።

ዘርጋው፦ ልጄ፣ አታሟርቺ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ውባለም፦ ሟርት አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

ዘርጋው፦ አንቺ ፍርሃት ይዘሽ መጣሽ፤ እኔ ቁጥር ይዣለሁ። ይኸው ደብተሩ፣ የራስሽ ደብተር ነው። ተራራው ተሰንጥቋል ብላችሁ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ካስማ ተከላችሁ፣ ሜትር ሰጣችሁኝ፣ በመካከላቸው ያለውን በየጠዋቱ ለካሁ፣ በየሰኞው ደወልኩልሽ። አንድ ቀን አጉድያለሁ?

ውባለም፦ አላጎደሉም።

ዘርጋው፦ ሰኔ፣ መቶ ሃያ ሳንቲም። ሐምሌ፣ መቶ ሃያ። ትናንት፣ መቶ ሃያ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ተራራው በምን ይነቃነቃል?

ውባለም፦ እሱን ነው የምጠይቅዎት። ዛሬ በላይ በኩል ነው የመጣሁት። ያ ስንጥቅ ያኔ አንድ ስንዝር ነበር፤ ሳላስበው እሻገረው ነበር። አሁን ተንደርድሬ ካልዘለልኩ አያሻግረኝም።

ዘርጋው፦ ዝናብ አፉን በልቶት ይሆናል።

ውባለም፦ ካስማዎቹ ከስንጥቁ አፍ ግማሽ ሜትር ራቅ ብለው ነበር የቆሙት። ዛሬ ሁለቱም ከንፈሩ ላይ ናቸው። ከካስማዎቹ ኋላ ደግሞ በአፈር የተደፈኑ አሮጌ ጉድጓዶች አየሁ። ቆጠርኳቸው፣ አራት ናቸው።

ዘርጋው፦ ፍልፈል ነው።

ውባለም፦ ፍልፈል ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ በእግሩ ይጠቀጥቃል?

ዘርጋው፦ አንቺ ምን አልሽኝ ያኔ? «አያ ዘርጋው፣ ይቺ ካስማ አደራ፣ ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ ይጠብቁልኝ» አላልሽኝም?

ውባለም፦ ብያለሁ። ከብት እንዳይነቅላት ነው ያልኩዎት።

ዘርጋው፦ እኔ ምን አውቄ? የአባቴን የድንበር ድንጋይ ጎርፍ ሲገፋው መልሼ በቦታው ነው የማቆመው። የተገፋ ድንበር አይቶ ዝም የሚል ሰው እርጉም ነው። መቶ ሃያ አድርገሽ አስረከብሽኝ። አንድ ጠዋት ብለካው መቶ አርባ ሆነብኝ። ደነገጥኩ፤ አደራሽን የበላሁ መሰለኝ። አንዱን ነቀልኩና በመቶ ሃያው መለስኩት።

ውባለም፦ አምላኬ።

ዘርጋው፦ ዳግመኛ ሸሸ፣ ዳግመኛ መለስኩት። እኔ ስመልስ እሱ ሲሄድ፣ እኔ ስመልስ እሱ ሲሄድ።

ውባለም፦ አራቱንም ጊዜ አደራ ነው ብለው ነው የመለሱት?

ዘርጋው፦ ሁለቱን።

ውባለም፦ ሌላውንስ?

ዘርጋው፦ ሌላውን ገብቶኝ ነው።

ውባለም፦ ምን ገብቶዎት?

ዘርጋው፦ ካስማው ሳይሆን ተራራው እንደሚሄድ። በሰኔው ስብሰባ «ቁጥሩ መቶ ሃምሳ ካለፈ መንደሩ ይነሳል» ብላችሁ ተናገራችሁ። ስንዱ ልጄ ሆዷ ገፍቶ ነበር። እናቷ ብትኖር እዚህ እኔ ቤት ትወልድ ነበር፤ እናት የላት፣ ባሏ ከተማ ቀን ሥራ ሄዷል፣ ታች ከአማቷ ጋር ነች። መንደሩ ቢነሳ የት ይወስዷታል? ሸራ ሥር ትውለድ? ትገላገልና እናገራለሁ አልኩ። ተገላገለች። ልጁ ክርስትና ይነሳና አልኩ። ሰው ሲፈራ ቀጠሮው ብዙ ነው።

ውባለም፦ ስንዱ አሁንም ታች ናት?

ዘርጋው፦ ታች ናት። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ።

ውባለም፦ እርስዎ ደግሞ ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አውርደው ጭንዎ ላይ አድርገውታል። እኔ ሳልመጣ ነው ያወረዱት።

ዘርጋው፦ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

ውባለም፦ ጠዋት ምን ሆነ?

ዘርጋው፦ ልመልሰው ሄድኩ፣ እንደ ልማዴ። ከሁለቱም ካስማ ወዲያ መሬት የለም። መልሼ የምተክልበት አጣሁ። ደብተሩ ላይ እጄ ብቻውን መቶ ሃያ ብሎ ጻፈ። ስንዱን ላወጣት ተነሳሁ፤ የራሱን ልጅ ብቻ አውጥቶ እኛን ተወን ሲሉ ታየኝ። ለሁሉም ልንገር ስል ደብተሩ ይከሰኛል። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ፈሪ ለእናቱ ይሉ ነበር፤ እኔ ለማን እንደፈራሁ እንኳ አላወቅሁም።

ውባለም፦ እኔስ ብሆን። መቶ ሃያ ባሉኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። «ከማኅበረሰቡ ጋር በተሠራ ክትትል ተራራው ተረጋግቷል» ብዬ ጻፍኩ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበልኝ። ተራራ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ጣት ያህል ሳይነቃነቅ ይቀራል? ቁጥር የሚዋሽ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ወጥቼ ጉድጓዱን ባየው ኖሮ እዚህ አንደርስም።

ዘርጋው፦ ተይው አሁን። እንኳን አንቺ፣ እኔም በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም።

ውባለም፦ እንግዲህ ይንፉ። ሁለታችንም በኋላ እንጠየቃለን።

ዘርጋው፦ ብነፋስ ማን ይመጣል? አምና «የመሸሽ ልምምድ ነው» ብላችሁ አስነፋችሁኝ። ሰዉ ደረቱን እየደቃ መጣ፤ ሬሳ የለም። በሳምንቱ አቶ ሀብተየስ ሞቱ። «ዩኒቨርሲቲው ጠርቶ ወሰዳቸው» ተባለ። እድሩ በመስቀል አስማለኝ፦ ሬሳ ሳይኖር ሁለተኛ ብነፋ፣ የኔ ቀን ሲደርስ እንዳይነፋልኝ፣ ቀባሪ እንዳላገኝ።

ውባለም፦ የቀበሌው ሊቀመንበርስ?

ዘርጋው፦ ወረዳ ስብሰባ ገብቷል። ስልኩም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሞቷል።

ውባለም፦ ቤት ለቤት ልሂድ። አርባ ሦስት ቤት ነው።

ዘርጋው፦ አሁን ከዚያ አይደል የመጣሽው? ስንቱ ወጣልሽ?

ውባለም፦ አንድም። «ከመሸ ይዘንባል፣ እንጨት እናስገባ» አሉኝ።

ዘርጋው፦ ሁለት ክረምት «ወየው መጣ» ብላችሁ አልመጣም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። … ስሚ።

ውባለም፦ ምን? ምንም አልሰማሁም።

ዘርጋው፦ እኔም። ከዚያ ማዶ ውሻ ሳይጮህ የዋለበት ቀን አላውቅም።

ውባለም፦ አያስፈራሩኝ።

ዘርጋው፦ አላስፈራራሁሽም፣ እየነገርኩሽ ነው። አሁንስ? ይኸውልሽ፣ ድንጋይ ተንከባለለ። አንድ ነው። ቆመ።

ውባለም፦ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቀጥላል። አንድ ሰዓት ይቅረው ወይም አንድ ሌሊት፣ አላውቅም፤ ግን የሚቀር አይደለም። አያ ዘርጋው፣ እነዚህን ሰዎች የሚያስወጣ ነገር በዚህ አገር የለም?

ዘርጋው፦ አንድ ነገር አለ። ቀብር።

ውባለም፦ ቀብር?

ዘርጋው፦ ለቀብር የማይወጣ የለም። በሬውን ከሞፈሩ ይፈታል፣ ድስቱን ከእሳት ያወርዳል፣ የታመመው በምርኩዝ ይመጣል። የቀረ ሰው ነገ ለራሱ ቀባሪ ያጣል። ዕቃ ልሸክፍ፣ ከብት ልሰብስብ አይልም፤ እንደቆመ ነው የሚመጣው። ወዴት ይመጣል?

ውባለም፦ ወደ ሟች ቤት።

ዘርጋው፦ ይህ ቤት ምን ላይ ነው የቆመው?

ውባለም፦ አለት ላይ። እኔ ነኝ የመረመርኩት። ተራራው ሁሉ ቢወርድ እዚህ አይደርስም።

ዘርጋው፦ እንግዲህ የዚህ ቤት ሰው ይሙት።

ውባለም፦ በቁምዎ? አይሆንም። ሟርት ሲሉኝ አልነበር?

ዘርጋው፦ ሟርት ለሌላ ሰው ነው። በራስ ላይ የሚሉት ኑዛዜ ነው።

ውባለም፦ ምለዋል። ከነፉ ቀባሪ አያገኙም።

ዘርጋው፦ እኔ አልነፋም። አንቺ ነሽ የምትነፊው።

ውባለም፦ በሕይወቴ ጥሩምባ ነክቼ አላውቅም። ለአንድ ደቂቃም አያምኑኝም።

ዘርጋው፦ የሚያምኑት ስለማታውቂበት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰሙት አንድ አፍ ነው። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ የኔን ትንፋሽ ለይቶ ያውቀዋል። ዛሬ ከዚህ አፋፍ የተሰባበረ ድምፅ ሲመጣ፣ ስም ሳትጠሪ ሟቹ ማን እንደሆነ ይገባቸዋል። እስኪ ያዢው።

ውባለም፦ ከባድ ነው።

ዘርጋው፦ ጉንጭሽን አትንፊ፣ ከሆድሽ አውጪው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከዚያ «ዘርጋው አርፏል፣ ያልሰማህ ስማ፣ ወደ ቤቱ ውጣ» ትያለሽ። ከልብሽ በይው እንጂ። ሪፖርት አይደለም።

ውባለም፦ ከልቤ ነው የማለቅሰው፣ አይስጉ። … ደህና። ይመጣሉ። ስንዱም ልጇን አዝላ ትመጣለች።

ዘርጋው፦ ስንዱ አትመጣም።

ውባለም፦ ለአባቷ?

ዘርጋው፦ ለአራስ መርዶ አይነገርም። ጡቷ ይደርቃል። ጥሩምባው እንደተሰማ ሴቶቹ በሯን ይዘጋሉ፣ «ማዶ አንድ ሽማግሌ ሞቶ ነው» ይሏታል፣ አማቷን አጠገቧ ያስቀምጣሉ። መንደሩ ሁሉ ሲወጣ የሚቀሩት ሦስቱ ናቸው፦ እሷ፣ አማቷና ስም ያልወጣለት ልጅ።

ውባለም፦ እኔ ልውረድላት።

ዘርጋው፦ አንቺ ከወረድሽ ማን ይነፋል? ደግሞ አራስ ቤት ማን ብለው ያስገቡሻል? እኔ እሄዳለሁ።

ውባለም፦ ሰው መንገድ ላይ ቢያይዎትስ? ሟቹ እየሄደ ነው ሊሉ?

ዘርጋው፦ ሰዉ ታች ባለው ድልድይ ነው የሚመጣው። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ በላይ፣ በእንዶዱ ቁጥቋጦ በኩል እገባለሁ።

ውባለም፦ እሱ መንገድ በስንጥቁ ሥር ነው የሚያልፈው።

ዘርጋው፦ ለቀባሪ አረዱት አሉ። ሦስት ወር ሙሉ የተመላለስኩበት አይደል?

ውባለም፦ ያኔ እንዲህ አልነበረም። አያ ዘርጋው፣ ቢያንስ ሕዝቡ ወጥቶ ጠንካራ ሰዎች አብረውዎት ይውረዱ።

ዘርጋው፦ ሕዝቡ እዚህ ደርሶ ሬሳ ፈልጎ፣ እኔን አግኝቶ፣ ተናዶ፣ ተሳድቦ፣ ከዚያ ሊረዳኝ? እስከዚያ መሬቱ ይጠብቀኛል? ካስማውን የመለስኩት እኔ ነኝ። እግሬ አሁን ታዞልኛል፤ ሐሳቡን ሳይለውጥ ልሂድበት።

ውባለም፦ ሰው ሁሉ ደጅዎ ላይ ሞልቶ እርስዎ ባይመለሱ ምን እላቸዋለሁ? እፈራለሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ነው የምፈራው።

ዘርጋው፦ እኔም እፈራለሁ ልጄ። አጥሩን እስካልፍ ጠብቂና ንፊው። ከተመለስኩ ሁለታችንንም ይረግሙናል፤ ካልተመለስኩ ደግሞ አንቺ አልዋሸሽም።