የጋሽ ምኒችል ሬዲዮ

(ሞጣ ከተማ፤ መብራት የጠፋበት ከሰዓት። ባልና ሚስቱ አንዳርጌና የሻረግ ቤታቸው ውስጥ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ የባጃጅ ባትሪ፣ አንድ የሚናገር ሬዲዮ፣ አንድ የተቃጠለ ሬዲዮ።)

አንዳርጌ፦ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለምንሽ። ጋሽ ምኒችል ሲመጡ "ሬዲዮዎን ሳላውቅ ነካካሁት" በያቸው፤ አለቀ።

የሻረግ፦ ያልነካሁትን?

አንዳርጌ፦ አንቺን ምንም አይሉሽም። ስቀው ይተዉታል።

የሻረግ፦ ምኑ ነው የሚያስቃቸው?

አንዳርጌ፦ እንዲያው... "ሴት ናት፣ ምን ታውቃለች" ብለው ነዋ።

የሻረግ፦ ታዲያ ይቺን ሬጉሌተር በምን አውቄ ሠራኋት? ከባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት ገብቶ ለሬዲዮናችን ስድስት ብቻ እንዲወጣ ያደረገው ማነው?

አንዳርጌ፦ አንቺ ነሽ። ቀስ በይ እንጂ፣ ጎረቤት ይሰማል።

የሻረግ፦ ይኸው! መከራህ ሁሉ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው።

አንዳርጌ፦ እኔ ሠራሁት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም! ጋሽ ምኒችል ሬዲዮናችን መብራት ጠፍቶ፣ የባትሪ ድንጋይ ሳይገባበት ሲዘፍን አይተው "አይ አንዳርጌ፣ እጅህ ይባረክ" ሲሉኝ ዝም ነው ያልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?

የሻረግ፦ ወርቁን አንተ አጠለቅኸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር። "አሜን" ብለህ እጅ ነስተሃል።

አንዳርጌ፦ ሰምተሻል?

የሻረግ፦ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ምሳህን አቀረብኩልህ።

አንዳርጌ፦ ምነው ያኔውኑ በተናገርሽኝ!

የሻረግ፦ ራሱ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ነዋ። ይልቅ "ለኔም ሥራልኝ" ብለው የሰጡህን ሬዲዮ እንዴት አድርገህ ነው ያነደድከው?

አንዳርጌ፦ ገበያ ስትሄጂ ጠብቄ ያንቺን እያየሁ ገለበጥኩ። ያቺን ኃይል የምትቀንስ ባለ ሦስት እግር ዕቃ ገዛሁ፤ ካፓሲተር የምትያቸውን ትንንሽ ዕቃዎች እንዳንቺው በየድኩ፤ ከተሰበረው ድስት ክዳን ሳይቀር ቆርጬ እንዳትግል ማቀዝቀዣ አበጀሁላት። ሳገናኘው ሬዲዮኑ አንዴ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ጸጥ አለ።

የሻረግ፦ እስቲ አምጣት። የኔን ስታያት በየት በኩል ዞራ ነበር?

አንዳርጌ፦ በብረቱ በኩል።

የሻረግ፦ በጀርባዋ ነዋ! ከጀርባዋ ሲያዩአት ግራዋ ቀኝ ነው። አንተ ደግሞ የራስህን በፊቷ አዙረህ እግሮቿን በዚያው ተራ አገናኘሃቸው። ባትሪው በመውጫው ገባ፤ ኃይሉ ሳይቀነስ በመግቢያው ወጥቶ የሰውየውን ሬዲዮ በላው።

አንዳርጌ፦ አንድ ጊዜ ብጠይቅሽ ኖሮ...

የሻረግ፦ ማን ከለከለህ?

አንዳርጌ፦ አፈርኩ።

የሻረግ፦ ባለማወቅህ?

አንዳርጌ፦ አይደለም። "ሚስቱ ናት የምታስተምረው" እንዳይሉኝ ነው።

የሻረግ፦ እንግዲያ ያፈርከው በኔ ነው።

አንዳርጌ፦ ምን ላድርግ? "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" እየተባልን አድገን...

የሻረግ፦ በወንድ አለቀማ! ይኸው ሬዲዮኑ።

አንዳርጌ፦ የሻረግ፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል። የዛሬን ብቻ ሸፍኚኝ።

የሻረግ፦ አንተ ውሃውን፣ እኔ ጭቃውን? ሲሠራ ያንተ ነበር፤ ሲቃጠል የኔ ሆነ?

አንዳርጌ፦ ጋሽ ምኒችልን የማይበት ዓይን የለኝም። ባለቤታቸው ከአልጋ አይነሱም፤ ቀኑን የሚገፉት ያቺን ሬዲዮ እየሰሙ ነው። "አንተን አምኜ ነው" ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

የሻረግ፦ እሺ።

አንዳርጌ፦ ምኑን ነው እሺ ያልሽው?

የሻረግ፦ ያበላሸሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ባሌን ሰው ፊት አላዋርድም። እማማ ግን ያለ ሬዲዮ አያድሩም፤ የኛን ከነሬጉሌተሩ ይውሰዱላቸው። ይህቺን የሠራት አንዳርጌ ነው እላለሁ፤ አንተም እንደለመድከው ዝም በል።

አንዳርጌ፦ እንዲህማ አይሆንም።

የሻረግ፦ የለመንከኝ ይሄንኑ አይደል?

አንዳርጌ፦ ካንቺ አፍ ስሰማው ከበደኝ።

የሻረግ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተ ምነው ከበደ?

አንዳርጌ፦ አትቀልጂብኝ፤ ተቃጠልኩ እኮ።

የሻረግ፦ በል በሩ ተንኳኳ፤ እሳቸው ናቸው። አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልክፈት።

አንዳርጌ፦ የለም፣ አንቺ ተቀመጪ። (በሩን ይከፍታል።) ይግቡ ጋሽ ምኒችል። ሬዲዮዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ያመሰገኑኝበትን ሬጉሌተር የሠራችው ደግሞ የሻረግ ናት፤ እኔ ምስጋናዋን ነው የሰረቅኳት። ለእርስዎም እንድትሠራልዎ እሷን ይለምኗት፤ እኔም ይቅር እንድትለኝ ገና እየለመንኳት ነው።