«ኧረ ምንም አልቀባም»

ሁላችንም ማስክ ለባሽ በሆንንበት በኮሮናው ጊዜ፣ ዱባይ አጠገብ ሻርጃ፣ አል ናህዳ ሰፈር ውስጥ የአንድ የቆዳ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ፋርማሲ ተምሬ በማዕረግ ነው የተመረቅኩት። ዩኒቨርሲቲው ሊያስቀረኝ የነበረበትን የመምህርነት ቦታ ግን የክፍሉ ኃላፊ ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ዛሬም አልወጣልኝም። አንድ ቀን ማዳም ቤት የምትሠራ አንዲት አበሻ መጣች። ማስኳን ስታወርድ ጉንጯን ማድያት ሸፍኖታል። «እንደ ማዳሜ ሌዘር ይደረግልኝ» አለች። ዶክተሯ ሌዘር በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ጥቁረቱን ሊያባብሰው እንደሚችል፣ ፊትን በጥቃቅን መርፌዎች መወጋት እንደሚሻላት አስረዳች። ተርጓሚው እኔ ነኝ። «የምትቀባው ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቅ ልጅቷ «ኧረ ምንም አልቀባም» አለች።

ፊቷን አየሁት። ሳስቶ ቀልቷል፤ ደም ሥሩ ይታያል።

«እህቴ፣ የሚያቀላ ቅባት ትቀቢያለሽ» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«ፊትሽ ነዋ። በዚህ ላይ መርፌ ከተጨመረ ጠባሳ ይሆንብሻል።»

ዶክተሯ ተቆጣች። «ያንተ ሹግል መተርጎም ነው፤ ምን አለች?»

«አልቀባም አለች፤ ግን ውሸቷን ነው። ፊቷን በመብራት እዪው።»

መብራቱን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። «ቅባቱን ታቁም። ቆዳዋ እስኪያገግም መርፌ አላስነካትም።»

ልጅቷ ስትወጣ ከቦርሳዋ በግማሽ ያለቀ የቅባት ቱቦ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ጋ ካለ መቀባቴ አይቀርም።»