አምስት ሆነው የተቆጠሩት ማዳም ዴልቪና

ክብርት ከንቲባችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የቫል-ዶሬ ማዘጋጃ ቤት ባልደረቦቼ፤

አዳራሹን አሙቃችሁ፣ ጠረጴዛውን ሞልታችሁ ስለጠበቃችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከሥጋ ኬኮቹ የትኛው እንደጣፈጠኝ ግን አልናገርም። ነገ ጡረተኛ ነኝ፤ ከጋጋሪዎቹ ጋር ተጣልቼ የት እገባለሁ?

ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ቅጽ ይዤ በየቤታችሁ የምዞረው ቆጣሪ እኔው ነኝ። ስጀምር ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነበርን፤ ዛሬ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ነን። ከንቲባችን አንድ ጊዜ፣ «ሮላንድ፣ አንቺ በቆጠርሽን ቁጥር እናንሳለን፤ እስኪ ተይን» ብላኝ ነበር። ይኸው ተውኳችሁ።

ስለ ቋንቋችንስ ምን ልበል? ሁላችንም ማለት ይቻላል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነን። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት አሥራ ሰባት ሰዎች አሉን፤ እነሱም ቢሆኑ ሲናደዱ የሚሳደቡት በፈረንሳይኛ ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ይመስለኝ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት እስከነበረው ቆጠራ ድረስ።

ቤተ መጻሕፍታችንን ለሃያ ዓመት የያዙትን ማዳም ዴልቪናን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል። የቆጣሪ መሐላ ስላለብኝ ይህን ታሪክ እንድናገር አስፈቅጃቸዋለሁ። «ተናገሪ፣ ግን አታሳጥሪው» ብለውኛል።

የዚያን ዓመት ግንቦት ቤታቸው ሄድኩ። ቅጹ በልጅነት መጀመሪያ የተማሩትንና አሁንም የሚገባዎትን ቋንቋ ይጠይቃል። እንደ ወትሮው ፈረንሳይኛ ልሞላ ስል እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ የተማርኩት እሱን አይደለም» አሉኝ።

እናታቸው ከአገራችን ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከኦጂብዌ ወገን ነበሩ። ማዳም ዴልቪና ሰባት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው ሞቱ፤ እሳቸውም እዚህ ከአባታቸው እህት ዘንድ አደጉ። ከዚያ ወዲህ በእናታቸው ቋንቋ ያናገራቸው ሰው የለም።

«አሁንም ይገባዎታል?» አልኳቸው።

«ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማን አናገረኝና ልወቅ?»

ደንቡ ግልጽ ነው፤ የማይገባ ከሆነ አይሞላም። የመንገድ ክፍላችን የግሬደር ነጂ ሌናርድ ሸዋንዳ አፉን በፈረንሳይኛ ቢፈታም ከአያቱ ጋር በኦጂብዌኛ እያወራ ያደገ ሰው ነው። ለምን እሱን አያናግሩትም አልኳቸው። «ሳይገባኝ ቢቀርስ? አሁን እኮ ቢያንስ አላውቅም» አሉ።

ቦታውን ክፍት ትቼ ወጣሁ። ቅጹን የማስረክበው ዓርብ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ቢሮዬ መጡና፣ «ተነሺ፣ ብቻዬን አልሄድም» አሉኝ። የመንገድ ክፍሉ ጋራዥ ስንደርስ ሌናርድ ከግሬደሩ ሥር ተጋድሞ ግራሶ ይቀባል። የመጣንበትን ራሳቸው ነገሩት። ተነሣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቆቡን አወለቀና አንድ ነገር ጠየቃቸው። እኔ አንዲትም ቃል አልገባኝም።

እሳቸውም ዝም አሉ። ፊታቸው ሲገረጣ አየሁና ሐሳቡን በማምጣቴ ተጸጸትኩ። ሌናርድ ግን አልቸኮለም። ያንኑ ነገር ዝግ ብሎ ደገመው።

ማዳም ዴልቪና በፈረንሳይኛ መለሱ፤ «የማዴሌን። ከሐይቁ ማዶ፣ መረብ ትሠራ የነበረችው።»

የጠየቃቸው የማን ልጅ እንደሆኑ ነበር።

ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው እያለቀሱ ሳቁ። ሌናርድም ሳቀ። እኔማ ቅጹን በእንባዬ እንዳላበላሸው ከራሴ አርቄ ያዝኩት። እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሞላሁት።

ታሪኩ ግን አላለቀም። እንደምታውቁት፣ የቆጠራው መሥሪያ ቤት ሰዎች የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ትንንሽ ቁጥሮችን ወደ ዜሮ ወይም ወደ አምስት ያጠጋጓቸዋል። ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ዓመት ስጨነቅ ከረምኩ። ዜሮ ቢሏቸውስ? ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ? ሰንጠረዡ ሲመጣ በጣቴ ወርጄ ወርጄ ከመጨረሻው መስመር ደረስኩ። ኦጂብዌኛ፤ አምስት።

ሮጬ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና፣ «አራቱን ከየት ነው የማመጣው?» አሉ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌናርድን ጠርተው ክፍል ከፈቱ። እሱ ያስተምራል፤ እሳቸው ሲያስታውሱ ያርሙታል። እሱም እስከዛሬ ድረስ ይህን ያማርራል። በመጀመሪያው ክረምት ሁለት ሰው መጣ። አሁን ዘጠኝ ናቸው፤ አንዷ ክብርት ከንቲባችን ናት። አጠራሯን ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይርዳት።

ስሄድ የሚቆጨኝ ነገር አለ? አንድ አለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቆጠራዎች እሳቸውን ሳልጠይቅ ነበር የሞላሁት፤ የማውቅ መስሎኝ። ማዳም ዴልቪና፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ወዳጆቼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ቤታችሁ ልጅ አይጣ፣ ትምህርት ቤታችን አይዘጋ፣ ክረምቱ ይቅለላችሁ። እኔን የሚተካው ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ ወንበር ስጡት፤ ሳትቸኩሉም አጫውቱት። በሰላም ያገናኘን።